ያልተለማመዱት እርግማን

አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ላይ ወፍጮ ቤት ያላቸው ጋሽ ወርቅአገኘሁ ድምፃቸውን ያወጡት ከሞተር ጋር ሲታገሉ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በወፍጮ ጩኸት ላይ ሲጮኹ ስለኖሩ፣ ሞተሩ ቢጠፋም እሳቸው አይጠፉም። «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ የሰማ እንግዳ ጠብ የተነሣ መስሎት ገለል ይላል። ክፉ ሰው ግን አይደሉም፤ ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የድሃ እህል በነፃ ይፈጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ቀርተው አያውቁም። ሰውየው የሚያስቸግሩት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። እሱም ልጃቸው ናት።

አርሴማ አንዲት ልጃቸው ናት። አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ዕድሜዋም ከሃያ አምስት አልፏል። ለጋሽ ወርቅአገኘሁ ግን ገና ትናንት ድክ ድክ ያለች ልጅ ናት። ጧት ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይሸኟታል፤ ሲለቀቅ ከበሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። በመካከሉ ደግሞ ስልክ አለ።

«የት ነሽ?»

«ክፍል ውስጥ ነኝ አባዬ፤ እያስተማርኩ ነው።»

«አጠገብሽ ማን አለ?»

«ሕፃናት ናቸዋ!»

«ወንዶች አሉበት?»

በስመ አብ! አፍንጫቸውን መጥረግ ያልቻሉ ሕፃናት እኮ ናቸው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ግን ወንድ ልጅ ወንድ ነው ባይ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ቦሰና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱን እኮ አሳበድካት» ሲሏቸው፣ «አባት ሳለ አጊጥ ነው የተባለው፤ አባት ሳለ ሽሽ የተባለ ተረት ታውቂያለሽ?» ብለው አፍ ያስይዟቸዋል።

ጉዱ የመጣው በራሳቸው በወፍጮው በኩል ነው። አንድ ሰሞን ወፍጮው እምቢ አለና የሰፈሩ እህል ደጃፋቸው ላይ ተከመረ። ሲጨንቃቸው ደብረ ብርሃን ደውለው ብርሃነ መስቀል የሚባል የፋብሪካ መካኒክ አስመጡ። ልጁ ወፍጮውን በግማሽ ቀን ጠግኖ አስነሣው። ከዚያ ወዲያ ግን ባልተበላሸው ወፍጮ ላይ ምርመራ በዛ። ቅዳሜ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን ያያል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ እሑድም ይመጣል። ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ «እንዲህ ያለ ሥራ ወዳድ ልጅ አይቼ አላውቅም» እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ወደ አፉ ሰብስቦ ይስቅ ነበር።

የብርሃነ መስቀል ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ሲቆም ነው የባነኑት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ፣ ጥያቄያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ወርቅአገኘሁም ቆሙ።

«ልጄ ገና ናት» አሉ።

«ጋሽ ወርቄ፣ እኩዮቿ እኮ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተው እሷው ናት የምታስተምራቸው።»

«እነሱ ቸኩለው ነው።»

ሽማግሌዎቹ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ተመለሱ። ሁለተኛ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ልጄ አትችለውም።»

«እንዴ! አንኮበርስ?»

«የአንኮበር ብርድ ዘመድ ነው። የደብረ ብርሃን ግን ባዳ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ «እንግዲህ ሦስተኛ ከመለሱን ደጅዎን አንረግጥም» ብለው ወጡ። ብርሃነ መስቀል ተስፋ ቆርጦ፣ «ዝም ብለን ማዘጋጃ ቤት ሄደን ብንፈራረምስ?» ብሎ ሲጠይቃት አርሴማ አልተቀበለችም። «አባቴ ሳይመርቀኝ ከዚያ ቤት አልወጣም። ብወጣም አይቀናኝም» አለችው። እሱም ያንን ያውቃል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው። የአባት ምርቃት ያልያዘች ሙሽራ ስንቅ ሳይዝ እንደ ወጣ መንገደኛ ናት። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በጋሽ ወርቅአገኘሁ አፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ያ አፍ ደግሞ እሺ የሚል ቃል ያለበት አይመስልም ነበር።

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ቲያትሩ የመጣው።

የወረዳው ባህል ክፍል ታምራት የሚባል ወጣት ባለሙያ ከሌላ አገር ተመድቦለት ነበር። ታምራት ጥበብ ጥበብ ሲል የሚያድር፣ ሰው ካላለቀሰ ቲያትር የታየ የማይመስለው ልጅ ነው። ዞኑ ደብረ ብርሃን ላይ የተውኔት ውድድር ሲያዘጋጅ፣ ራሱ የደረሰውን «የአምባዋ እመቤት» የሚል አሳዛኝ ተውኔት ይዞ ተነሣ። ታሪኩ በድሮው አንኮበር የሚኖሩ አንድ ኃይለኛ ደጃዝማችና የልጃቸው ነው። ልጅቱ አንድ ተራ ወታደር ትወዳለች። አባት ይከለክላታል፣ ይዘጋባታል፣ በመጨረሻም ይረግማታል። እሷም በእርግማኑ ምክንያት መርዝ ጠጥታ ትሞታለች፤ አባትየው ሬሳዋን አቅፎ ሲያለቅስ መጋረጃው ይዘጋል። ለልጅቱ ቦታ የተመረጠችው አርሴማ ናት።

«ቲያትር?» አሉ ጋሽ ወርቅአገኘሁ። «የእኔ ልጅ? ከወንድ ጋር? ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ መሆኑ አይሻልም?» አሉ እትዬ ቦሰና።

ይኼ ነገር ትንሽ አሳሰባቸው። ኋላ፣ ልጄ ባለችበት እኔም እኖራለሁ ብለው ፈቀዱ። ወፍጮውን ለሠራተኛ እየተዉ ከዘራቸውን ይዘው ልምምዱ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ወታደሩን ሆኖ የሚሠራው ፎቶ ቤት ያለው ኃይለሚካኤል ነበር። ገና «ፍቅሬ ሆይ» ብሎ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ከዘራው በመካከላቸው ተዘረጋ።

«ከዚያው ሆነህ ተናገር። ደንቆሮ አይደለችም።»

«ጋሽዬ፣ እጇን እንድይዝ ነው የተጻፈው።»

«የማንን እጅ?»

ኃይለሚካኤል እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአምባዋ እመቤትና ወታደሯ የሚፋቀሩት በአንድ ከዘራ ርቀት ሆነ። ታምራት ፀጉሩን ይዞ ተቀመጠ።

ደጃዝማቹን ሆኖ የሚሠራው ልብስ ሰፊው ገብረ ጻድቅ ነበር። ገብረ ጻድቅ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲቆጣ እንኳ «እባክሽን» ሳይል አይጀምርም። ይኼን ጋሽ ወርቅአገኘሁ ሊታገሡ አልቻሉም።

«አባት እንዲህ አይቆጣም! አንተ እኮ ስትቆጣ ሱሪ የምትለካ ነው የምትመስለው! ድምፅህን ከሆድህ አውጣ! ዓይንህን አፍጥጥ! 'የት ነበርሽ' በላት እንጂ!»

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው የደጃዝማቹን ካባ አውልቆ መሬት ላይ ጣለና፣ «እንግዲያ እርስዎ ይሥሩት!» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ካባውን አነሡ፣ አቧራውን አራገፉ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ታምራት አያቸው። ኧረ ምን እሱ ብቻ፣ እዚያ የነበረው ሁሉ አያቸው። ደጃዝማቹ ከመቃብር ተነሥተው የመጡ ነው የሚመስሉት።

«ወረቀቱን ተወውና ነገሩን በቃልህ ንገረኝ» አሉት ታምራትን። ነገራቸው። ልጅዎ ወታደር ወዳለች፤ እርስዎ አይፈልጉም፤ ይቆጧታል፤ በር ይዘጉባታል። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ተነሡና ያለ አንዳች ልምምድ፣ «የት ነበርሽ? ከማን ጋር ነበርሽ? አጠገብሽ ማን ነበር?» ብለው ሲጮኹ የአዳራሹ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ይኼ ጥያቄ ተውኔቱ ውስጥ አልነበረም፤ ታምራት ግን እየሮጠ ጻፈው። እትዬ ቦሰና አንድ ቀን ልምምድ ሊያዩ መጥተው ቁጣውን ከዳር እስከ ዳር ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔ ይኼን ቲያትር ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ታዲያ ታምራት አንድ ነገር ደበቃቸው። ልጅቱ እንደምትሞት አልነገራቸውም። ቢነግራቸው በዚያኑ ቀን ልጃቸውን እጇን ይዘው እንደሚወጡ ያውቃል። የመጨረሻውን ክፍል የሚለማመዱት ገበያ ቀን፣ ወፍጮው ሲጨናነቅባቸው ጠብቆ ነው። «መጨረሻው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «መጨረሻ ላይ አባትየው ልጁን ያቅፋታል» አላቸው። ደስ አላቸው። «ደግ! እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። የታምራት ሐሳብ ሌላ ነው። የውድድሩ ቀን መድረክ ላይ ሲገቡ ልጃቸውን ወድቃ ያገኟታል፤ በዚያ ድምፅ ከልባቸው ሲያለቅሱ ዞኑ በሙሉ ያለቅሳል፤ ዋንጫውም ጎረቤላ ይገባል። ጭካኔ ነው። ለአርሴማም ነገራትና መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ቆይታ ቆይታ፣ «ይየው» አለች። «በሕይወት ሆኜ ስናገር አልሰማኝም። ምናልባት ሞቼ ይሰማኝ ይሆናል።» እትዬ ቦሰናም ሰምተው ዝም አሉ። ከጋሽ ወርቅአገኘሁ በቀር ያላወቀ አልነበረም ብል ይቀለኛል።

አንድ እንቅፋት ብቻ ቀረ፤ እርግማኑ።

ልምምድ ላይ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ድንገት ይረጋሉ። «እዚህ ላይ እረግማለሁ» ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

«ጋሽዬ፣ ቃሉን ይበሉት እንጂ!»

«እርግማን አይለማመዱትም።»

«ተውኔት እኮ ነው!»

«ስማ፤ አክስቴ ወለተሐና፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እርሻ ውስጥ የገባ የጎረቤት በሬ አይታ 'ገደል ግባ' አለችው። ለነገሩ ያህል ነው ያለችው። በሬው በሳምንቱ አፋፉ ላይ ሣር ሲግጥ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ጎረቤቷ እስኪሞት አላናገራትም። በሬ ነው ይኼ! ልጄን ነው እንግዲህ ርገም የምትለኝ?»

«ታዲያ ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን ያን ቀን ነው።»

ታምራትም ይሁን አለ። ያን ቀን ሕዝብ ሲያዩ ይሞቃቸዋል፣ ይናገሩታል ብሎ ተማመነ። ቃሉ ምን እንደነበር እኔም አልደግመው፤ ቤቴ ልጆች አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ቡድኑ ከጎረቤላ በሚኒባስ ተጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ካባቸውን ከቤታቸው ለብሰው ነው የወጡት። መንገድ ላይ የተሳፈሩ አንድ ባላገር ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ይለፉ ጌታዬ» አሏቸው። አለፉ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ከመኪናው ሲወርዱ ተቀበላቸውና ካባውን ወደ ሰማይ ገለበጠው፤ ጋሽ ወርቅአገኘሁ በአንድ እጃቸው ካባውን፣ በሌላው አርሴማን ይዘው፣ «ባዳ ነው አላልኩም?» እያሉ አዳራሹ ገቡ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰው በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተደርድሯል። ጋሽ ወርቅአገኘሁ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያዩ ፊት ለፊት ብርሃነ መስቀል ንጹሕ ኮት ለብሶ ተቀምጧል።

«ያ መካኒክ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ትኬት ቆርጦ ነው አባዬ» አለች አርሴማ።

«እዚህ የተበላሸ ወፍጮ የለም!»

ተውኔቱ ተጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ ጋሽ ወርቅአገኘሁ መድረኩን ሞሉት። «አጠገብሽ ማን ነበር?» ብለው ሲጮኹ ከፊት የተቀመጠች ሕፃን እናቷ ጉያ ገባች። በር ሲዘጉባት ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ ጎረምሳ ከኋላ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ተዋት!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ወርቅአገኘሁም ዞር ብለው፣ «ልጅ ስትወልድ ታየዋለህ!» አሉት። ታምራት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ በደስታ እጁን ያፋትጋል፤ ዳኞቹ እየጻፉ ነው።

እርግማኑ ጋ ተደረሰ።

አርሴማ መድረኩ መካከል ተንበረከከች። «አባቴ ሆይ፣ ልቤን ሰጥቻለሁ። ወደድከውም ጠላኸውም የእሱ ነኝ። ልሂድ» አለች። እንባዋ የቲያትር እንባ አልነበረም። ጋሽ ወርቅአገኘሁ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

ያ የወፍጮ ድምፅ የት ገባ? ታምራት ከመጋረጃው ጀርባ፣ «እረግምሻለሁ!» ብሎ አንሾካሾከ። ታምራት ጠንከር አድርጎ፣ «እረግምሻለሁ! ይበሉ እንጂ! እረግምሻለሁ!»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አንተ ዝም በል! የሰው ልጅ አታስረግም!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰውየው አሁንም እጃቸው እንደተነሣ ቆመዋል። እግራቸው ሥር ልጃቸው ናት። ግንባሯ ላይ በሕፃንነቷ ከወፍጮ ቤቱ ደረጃ ወድቃ የተረፈ ጠባሳ አለ፤ ያን ቀን ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጡ እንዴት እንዳለቀሱ ትዝ አላቸው። ፈሩ። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ወርቅአገኘሁ በሕይወታቸው እንደዚያ ፈርተው አያውቁም።

አርሴማ ቀና ብላ አየቻቸው። የተጻፈላትን ተወችው። ወደፊት ተስባ ጉልበታቸውን ይዛ ሳመችና፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጀምራ ለሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጨረሰችው።

«አባዬ... ካልረገምከኝ መርቀኛ።»

«መርቋት!» አለች አንዲት ባልቴት ከፊት።

«ይመርቋት! ይመርቋት!» አለ አዳራሹ።

የተነሣው እጅ መቼም መውረድ አለበት። ለእርግማን የተነሣው የጋሽ ወርቅአገኘሁ እጅ በልጃቸው ራስ ላይ ወረደና አረፈ። አፋቸው ብቻውን ሄደ፤ ስንት ዓመት በሰው ሠርግ ላይ የመረቀ አፍ ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል።

«ከክፉ ይሰውርሽ።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«መውጫ መግቢያሽን ያሳምረው።»

«አሜን!»

«አፈሩን ስትጨብጪ ወርቅ ያድርግልሽ። ጎጆሽን ያሙቀው። የሰው ፊት አያሳይሽ።»

«አሜን!»

ደብረ ብርሃን ላይ ምርቃት ሰምቶ አሜን ሳይል የሚቀመጥ ሰው ካለ ያልተጠመቀ ነው። ጋቢው ሁሉ ተከፈተ፣ እጁ ሁሉ ተዘረጋ። ዳኞቹ እንኳ ብዕራቸውን አስቀምጠው አሜን ይላሉ። አሜኑ በበዛ ቁጥር ጋሽ ወርቅአገኘሁ እየሞቃቸው፣ ድምፃቸው እየተመለሰ ሄደ።

«ሂጂ ልጄ! በሄድሽበት ይቅናሽ! ውለጂ ክበጂ፤ ወልደሽ ሳሚ! እንደ አብርሃም እንደ ሳራ ያድርጋችሁ፤ አንቺን ከ... ከ...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ምርቃት ስም ይፈልጋል። ስም ያልተጠራበት ምርቃት ለማን ይደርሳል? የተውኔቱን ወታደር ስም ደግሞ አንድም ቀን ይዘውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ «ያ ልጅ» ነው የሚሉት። ታምራት ከኋላ ስሙን ሊያቀብላቸው ሲንጠራራ እሳቸው ቀደሙት።

«አንቺን ከብርሃነ መስቀል ጋር!»

«አሜን!» ብሎ አዳራሹ ሲያስተጋባ፣ ከሁሉም በላይ የተሰማው አንድ ንጹሕ ኮት የለበሰ መካኒክ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

እልልታው ሌላ ነው። ታምራት ግን ተስፋ አልቆረጠም። የመርዙን ዋንጫ በመጋረጃው ሥር ወደ መድረኩ ገፋ አደረገውና፣ «ጠጪ!» አላት።

አርሴማ ዋንጫውን አየች፣ አባቷን አየች። «መርቆኛል እኮ» አለችው፣ «ለምን ብዬ ነው የምጠጣው?»

መጋረጃው ተዘጋ።

ከመጋረጃው ጀርባ የነበረውን ትርምስ ተዉት። ብርሃነ መስቀል ሮጦ መጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ወደኋላ አፈገፈጉ። አሁን ነው የነቁት።

«ቆይ፣ ቆይ! እኔ የመረቅሁት የደጃዝማቹን ልጅ ነው!»

«የደጃዝማቹ ልጅ ታዲያ ብርሃነ መስቀልን ከየት አወቀችው?» አሉ ከብርሃነ መስቀል ኋላ የደረሱት እትዬ ቦሰና።

«አፌን አዳልጦት ነው!»

«ሺህ ሰው አሜን ያለበትን?»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ የሚያግዛቸው ሰው ፍለጋ ዞሩና ታምራትን አገኙት። ታምራት አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እውነቱን ያለቅሳል።

«አንተ እንኳ ንገራቸው! ተውኔት ነው በላቸው!»

«አበላሹብኝ!» አለ ታምራት። «ጋሽዬ፣ አበላሹብኝ! መሞት ነበረባት!»

«ማን?»

«ልጅቱ! ይረግሟትና መርዝ ጠጥታ ትሞት ነበር! እርስዎ ሲገቡ ወድቃ ያገኟት ነበር! የመጨረሻው ማቀፍ ያ ነበር!»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ካባቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት አላወቁትም።

«ልጄ... እዚያ ወድቃ?»

«አዎ።»

«አባትየውስ ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል?»

«ምንም» አለ ታምራት አፍንጫውን እየጠረገ። «ብቻውን ይቀራላ። ያበቃል።»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ዙሪያቸውን አዩ። ኃይለሚካኤል መሬት መሬት ያያል። እትዬ ቦሰና ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ማንም ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። አርሴማ ብቻ ታያቸዋለች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ነግሬህ ነበር።»

ሣጥኑ ላይ ታምራት አጠገብ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ታምራት ቦታ ለቀቀላቸው። ማንንም ሳያዩ፣ «ብርዱ አይደለም» አሉ። «ብርዱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ እዚህ ኖሬበታለሁ። አንቺ ስትወጪ ቤቱ ጭር ይልብኛል ብዬ ነው። ፈርቼ ነው።»

አርሴማ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና እጃቸውን ያዘች። ብርሃነ መስቀል ግን እንደጎነበሰ ቀርቷል፤ ይነሣ ወይስ ይቆይ ማንም አልነገረውም። ጋሽ ወርቅአገኘሁ አዩት።

«አንተ ደግሞ ወገብህ አይሰበርም? ተነሥ!»

ተነሣ።

«ሽማግሌዎችህ መቼ መምጣት ይችላሉ?»

«እርስዎ ካሉ ነገም...» አለ ልጁ። «ወይም ረቡዕ።»

«ረቡዕ ጾም ነው» አሉ ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። «ሁለት ጊዜ እህል ሳላቀምስ የሰደድኳቸውን ሰዎች በሽሮ አልቀበልም። ማክሰኞ ይምጡ። በግ አርዳለሁ።»